የክፍል ጓደኛን ጽሑፍ ማረም

ሜሪላንድ ውስጥ በአንድ ኮሚኒቲ ኮሌጅ (የሁለት ዓመት ኮሌጅ ነው) ስማር የተማሪዎችን የሥነ ጽሑፍ መጽሔት ከሚያዘጋጁት አንዷ ነበርኩ። ግጥም፣ አጭር ልብ ወለድ፣ ወግና ፎቶግራፍ ይዞ በዓመት አንዴ የሚታተምና በነፃ የሚታደል መጽሔት ነው። የገባሁበት ለትምህርቴ የሚቆጠር ክሬዲት ስላለው ነበር፤ የጥበብ ፍቅር በኋላ መጣ።

የሁለት ዓመት ኮሌጅ ሰው አይበረክትለትም። አርታኢው ሥራውን በቅጡ ሲለምደው ወደ አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ይዛወራል፤ በየዓመቱ ሁሉም እንደገና ከዜሮ ይጀመራል። ስለዚህ ከሁሉ በፊት የያዝኩት ማስታወሻ መጻፍ ነበር፦ ጽሑፍ ላኩ የሚለው ጥሪ መቼ ይወጣል፣ ማተሚያ ቤቱ ፋይሉን በምን መልክ ይፈልጋል፣ ገጹ ለምን በአራት መካፈል አለበት (መሃሉ ላይ በሽቦ የሚሰፋ መጽሔት አንድ ታጣፊ ወረቀት አራት ገጽ ስለሚሆን ነው)። አሰልቺ ነው፤ ግን ለተከታዮቻችን ከማንኛውም ምክር ይልቅ የጠቀማቸው እሱ ይመስለኛል።

ጽሑፎቹን የምናነበው የጸሐፊው ስም ተሸፍኖ ነው። ትንሽ ኮሌጅ ውስጥ ግን ስም መሸፈን ብዙም አይሸፍንም። ባለፈው ሳምንት ክፍል ውስጥ ስለ አያቱ ያነበበውን ልጅ ማን አይለየውም? የወዳጁን ጽሑፍ የለየ አርታኢ ድምፅ ሳይሰጥ ይለፍ ብለን ተስማማን። ከአንድ እስከ አምስት ነጥብ መስጠቱም ችግር ነበረው፤ ማንም የማይጠላው፣ ማንም የማይወደው ጽሑፍ ሁልጊዜ ከላይ ይወጣል። ግማሹ አምስት፣ ግማሹ አንድ የሰጡት መሃል ላይ ይቀራል። ነጥቡን ለመጀመሪያ ማጣሪያ ብቻ አስቀረነውና አንድ ሰው የሚሟገትለት ጽሑፍ ሁሉ ጮክ ተብሎ እንዲነበብ አደረግን። ግጥም የሚደክምበትን ቦታ ጆሮ ቶሎ ያውቃል።

ከባዱ ሥራ አርትኦቱ ነው። ከጸሐፊዎቻችን ብዙዎቹ እንግሊዝኛን ካደጉ በኋላ የተማሩ ናቸው። ከካሜሩን የመጣ አንድ ተማሪ እናቱ ገበያ ላይ ስለምትሸጠው ዓሣ ጻፈ። አንዱ ዓረፍተ ነገር በየአንቀጹ እየተመላለሰ ይመጣል። እዚሁ አሜሪካ የተወለደው አርታኢያችን ድግግሞሹን በሙሉ ሰርዞ አመጣው። ጸሐፊውን ጠራሁትና ጠየቅሁት። ድግግሞሹ ታስቦበት የገባ ነበር፤ የግሶቹ ጊዜ መዘበራረቅ ግን አምልጦት ነው። ከዚያ ወዲህ ሁለት ቀለም መጠቀም ጀመርን። የማያከራክር ስህተት በቀይ ይታረማል፤ የቀረው ሁሉ በሰማያዊ፣ በጥያቄ መልክ ይጻፋል፦ «ይህን አስበህበት ነው?» መልሱ «አዎ» ከሆነ እጃችንን እንሰበስባለን።

በሌላው በኩል ደግሞ «ስደተኛ ስለሆነ ይለፈው» የሚሉ ደግ ልቦች አሉ። እኔ ይህን ንቀት ነው የምለው። ስሙ በስህተት ታጅቦ እንዲታተም የሚወድ ጸሐፊ አላየሁም።

ያልተቀበልነውን ጽሑፍ ስንመልስም ካፊቴሪያ ለምናገኘው ሰው ስለምንመልስ ለሁሉም አንድ ዓይነት የሆነውን ደብዳቤ ተውነው። አንድ የወደድነውን መስመር ጠቅሰን፣ ያላሳመነንን ቦታ በአንድ ዓረፍተ ነገር እንነግረዋለን። ከዚያ በላይ ሲረዝም ክርክር ይጋብዛል።

ለሐበሻ ጸሐፊዎች አንድ ነገር ልጨምር፤ ግጥማችንን ጽፈን ሳይደርቅ ፌስቡክና ቴሌግራም ላይ መለጠፍ እንወዳለን። ብዙ የአሜሪካ መጽሔቶች ግን ለሕዝብ የተለጠፈውን እንደታተመ ይቆጥሩታል፤ የሚፈልጉት መጀመሪያ የማተም መብቱን ነው። ልትልኩት ያሰባችሁትን አቆዩት።

በመጨረሻው እትም አንድ የአማርኛ ግጥም ከእንግሊዝኛ ትርጉሙ ጋር ፊት ለፊት አወጣን። ገጹን በምናቀናብርበት ፕሮግራም፣ ኢንዲዛይን ላይ ስናስገባው ፊደሎቹ ባዶ ሳጥን ሆኑ፤ የመጽሔቱ ፎንት ግዕዝ የለውም። በነፃ የሚገኘውን ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ የተባለ የግዕዝ ፎንት ጫንን። ከእንግሊዝኛው ጋር በተመሳሳይ የፊደል መጠን ሲቀመጥ አማርኛው ገጹ ላይ ከብዶ ስለታየን መጠኑን በዓይን ለክተን ቀነስነው። ጸሐፊዋ አንዱን ቃል አንዴ በ«ሀ»፣ አንዴ በ«ሐ» ጽፋው ስለነበር መርጣ በአንዱ እንድትጸና ጠየቅናት። ከአዘጋጆቹ አማርኛ የማነበው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ አንድ ዓይን ደግሞ ለማረሚያ አይበቃም። ስለዚህ የመጨረሻው ፒዲኤፍ ፎንቱን በውስጡ ይዞ ለጸሐፊዋና ከመጽሔቱ ውጭ ላለ ሌላ አንባቢ ሄደ፤ ሁለቱም «ይታተም» ሳይሉ ወደ ማተሚያ ቤት አልላክነውም።