ሰሜን ዋልታ ላይ የተቆፈሩ ጉድጓዶች

አንድ ባልደረባዬ 1,412 የውሃ ጉድጓዶች ያሉበት ሼፕፋይል የሚባል የካርታ ፋይል ላከልኝ። ኪውጂአይኤስ ወደሚባለው የካርታ ሶፍትዌር ጎትቼ ጣልኩት። ሌየሩ፣ ማለትም የነጥቦቹ ንብርብር፣ ዝርዝሩ ውስጥ ገባ። ጎኑ ላይ ትንሽ የጥያቄ ምልክት አለች። ካርታው ላይ ግን ምንም የለም።

የጥያቄ ምልክቷ ሲአርኤሱ፣ ማለትም የነጥቦቹ ቁጥሮች በየትኛው የቦታ መለኪያ ሥርዓት እንደተጻፉ፣ አይታወቅም ማለት ነው። ፎልደሩን ስከፍት ነጥብ ፒአርጄ የሚለው ፋይል የለም። ሼፕፋይል አንድ ፋይል ይመስላል እንጂ ቤተሰብ ነው፤ ቅርጹ በአንዱ፣ ሠንጠረዡ በሌላው፣ ሲአርኤሱ ደግሞ በሦስተኛው ይቀመጣል። ሰው ሲልክ ሁሌ አንዱን ይረሳል።

እዚህ ላይ ቁጥሮቹን ማየት ነበረብኝ። አላየሁም። "ዩቲኤም ነው፣ ዞኑንም አውቀዋለሁ" ብዬ ሴት ሌየር ሲአርኤስ የሚለው ውስጥ ገባሁና አንድ የሰሜን ዞን መረጥኩለት (ዩቲኤም ዓለምን በዞን ከፋፍሎ ቦታን በሜትር የሚለካ ሲአርኤስ ነው)። የጥያቄ ምልክቷ ጠፋች። ደስ አለኝ። በዚያው ሪፕሮጀክት አድርጌ ወደ 4326፣ በዲግሪ ወደሚለካው ሲአርኤስ፣ ቀየርኩት፣ አዲስ ፋይል አድርጌም አስቀመጥኩ። ወደ ሌየሩ ዙም ሳደርግ ነጥቦቹ ከሞላ ጎደል በሙሉ ነጭ ባዶ ላይ ተደርድረዋል። ማውሱን አስጠግቼ ኮኦርዲኔቱን አነበብኩ፤ 88 ዲግሪ ሰሜን። የጀርባው ካርታ 85 ዲግሪ ላይ ስለሚያልቅ እንጂ በረዶውንም ባየሁት ነበር።

ከዚያ በኋላ ያደረግሁትን ብናገር ያሳፍረኛል። ሶፍትዌሩን ዘግቼ ከፈትኩ። ፕሮጀክቱን እንደ አዲስ ሠራሁ። አምስት ስድስት ሲአርኤስ እያፈራረቅሁ ሞከርኩ፤ ያውም አዲሱ ፋይል ላይ፣ በተበላሸው ላይ። ግማሽ ቀን እንዲሁ ሄደ።

ሴት እና ሪፕሮጀክት ብዙ ሰው የሚደናገርባቸው ነገሮች ናቸው፤ እኔም ስንት ዓመት ሠርቼ ያው ነኝ። በፈረንሳይኛ የተጻፈ መጽሐፍ አለ እንበል። ሴት ሌየር ሲአርኤስ ሽፋኑ ላይ "ይህ ጣሊያንኛ ነው" ብሎ ወረቀት መለጠፍ ነው። ውስጡ አንድ ፊደል አይነካም። ሪፕሮጀክት ግን መጽሐፉን ለአስተርጓሚ መስጠት ነው። አስተርጓሚው ሽፋኑን አምኖ ፈረንሳይኛውን እንደ ጣሊያንኛ ያነበዋል፣ የማይሆን ነገር ጽፎ ይመልስላችኋል፣ ምንም ስህተት አለ ብሎም አያስጠነቅቃችሁም። የእኔ ነገር ይኸው ነበር። ሽፋኑ ብቻ ቢሆን ቀዶ ሌላ መለጠፍ ይቻላል። ከተተረጎመ በኋላ ግን ወደ መጀመሪያው ፋይል መመለስ ነው።

ተመለስኩ። ሠንጠረዡን (አትሪቢውት ቴብሉን) ትቼ የአንዷን ነጥብ ኤክስ እና ዋይ ብቻ አየሁ። ኤክስ 431 ሺህ ገደማ፣ ዋይ 9 ሚሊዮን 780 ሺህ ገደማ። ይሄን ጠዋት አይቼው ቢሆን ኖሮ በአንድ ደቂቃ ያልቅ ነበር። በዲግሪ ቢሆን ኤክስ ከ180፣ ዋይ ከ90 አያልፍም። ስለዚህ ሜትር ነው። በዩቲኤም የዞኑ መካከለኛ መስመር 500 ሺህ ሜትር ተብሎ ይጠራል፣ 431 ሺህ ከእሱ ትንሽ ወደ ምዕራብ ነው። ዋይ ደግሞ በሰሜን ንፍቀ ክበብ ከምድር ወገብ ከዜሮ ይጀምራል፣ በደቡብ ግን ቁጥሩ ኔጌቲቭ እንዳይሆን ወገቡ ራሱ 10 ሚሊዮን ይባላል። 9 ሚሊዮን 780 ሺህ ማለት እንግዲህ ከወገቡ 220 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ደቡብ። እኔ በሰሜን ዞን ሳነበው ከወገቡ 9,780 ኪሎ ሜትር ወደ ሰሜን ሆነ። ዋልታው ጋ ነዋ!

አንድ ነገር ግን ቁጥሩ አይነግራችሁም፤ ዞኑን። 60 ዞን አለ፣ በሁሉም ውስጥ 431 ሺህ የሚባል ኤክስ አለ። ይሄ በብልጠት አይገኝም፣ የላከውን ሰው መጠየቅ ነው። ደወልኩ፣ ነገረኝ፣ እኔ ከገመትኩት አጠገብ ያለው ዞን ሆኖ ተገኘ። በዚህም ተሳስቼ ነበር ማለት ነው።

ነጥቦቹ ቦታቸው ላይ አረፉ ብዬ ሠንጠረዡን ስከፍት ሌላ ጣጣ። የጉድጓዶቹ ስም በግዕዝ ፊደል የተጻፈ ነው፣ የሚታየኝ ግን ባለ ጭረትና ባለ ኮፍያ የላቲን ፊደል መአት። ፊደልን ወደ ባይት የሚለውጠው ደንብ ኢንኮዲንግ ይባላል። የግዕዝ ፊደል ዩቲኤፍ 8 በሚባለው ኢንኮዲንግ ሦስት ባይት ይወስዳል፤ ኢንኮዲንጉ ካልታወቀ አንዷ ፊደል ሦስት እንግዳ ምልክት ሆና ትመጣለች። ይህን የሚናገረው ሲፒጂ የሚባለው ትንሽ ፋይል ነው፣ እሱም አልመጣም። ሌየር ፕሮፐርቲስ፣ ሶርስ ውስጥ ገብቼ ዩቲኤፍ 8 አልኩት፣ ተስተካከለ። ፊደሉ ተበላሽቶ እያያችሁ ኤዲት አድርጋችሁ ሴቭ እንዳትሉ ብቻ።

የአምዶቹ ስም ግን በዚህም አልዳነ። በሼፕፋይል የአምድ ስም ከ10 ባይት አይበልጥም፤ በኛ ፊደል ሦስት ፊደል ነው። ባልደረባዬ "የጉድጓድ ጥልቀት" እና "የጉድጓድ ዓይነት" ብሎ ነበር። አንደኛው "የጉድ" ሆኖ መጣ፣ ሌላኛው ደግሞ ጭራው ላይ ቁጥር ተለጥፎበት። እውነትም የጉድ። የትኛው ጥልቀት የትኛው ዓይነት እንደሆነ ከውስጡ አይቼ ለየሁና ሁሉንም ወደ ጂኦፓኬጅ አዛወርኩ። አንድ ፋይል ነው፣ ረዥም ስም ይቀበላል፣ ሲአርኤሱንም አብሮ ይይዛል። ሼፕፋይልን ዛሬም ለምን እንደምንላላክ አይገባኝም። ልማድ ነው መቼስ።

በመጨረሻ ሙሉ ሌየሩ ላይ ዙም ሳደርግ ካርታው ዓለምን በሙሉ አሳየኝ። ከ1,412ቱ 1,401ዱ በቦታቸው ናቸው። 11ዱ አንታርክቲካ ላይ ናቸው። ኤክስም ዋይም ዜሮ፤ በደቡብ ዞን ዜሮ ማለት ከወገቡ 10 ሚሊዮን ሜትር ወደ ደቡብ ነው። ሜዳ የወጣው ሰው ጂፒኤሱን ሳያነብ ቦታውን ባዶ ትቶታል፣ መሃል ላይ ያለ አንድ ፕሮግራም ባዶውን በዜሮ ሞልቶታል። ዝርዝራቸውን ለባልደረባዬ ላክሁለት። "ወረቀቱ ላይም ባዶ ነው" ብሎ መለሰልኝ።