ዲስኩ ስንት ሜትር ላይ ጠፋ?

ሲያትል ሄዶ የዋሽንግተን ሐይቅን ሳያዩ መመለስ ይከብዳል። ውሃው በየመንገዱ ማዶ ብቅ ይላል። እኔ ግን ከዳር ሆኜ አልቀረሁም። የውሃ ጥራት የሚከታተል ጓደኛዬ በትንሽ ጀልባ ይዞኝ ገባ።

የረቀቀ ማሽን ነበር የጠበቅኩት። ከቦርሳው ያወጣው ግን በገመድ የታሰረ፣ ጥቁርና ነጭ የተቀባ ክብ ሰሌዳ ነው፤ ወርዱ 20 ሴንቲ ሜትር። ሴኪ ዲስክ ይሉታል። አንጀሎ ሴኪ የተባለ ጣልያናዊ ቄስ እ.ኤ.አ. በ1865 የሞከረው ነው።

«የፀሐይ መነጽርህን አውልቅና በጥላው በኩል ና» አለኝ። ዲስኩን ቀስ እያለ ለቀቀው። ነጩ አረንጓዴ መሰለ፣ ደበዘዘ፣ ጠፋ። ገመዱ ላይ ያለውን ምልክት አነበበ። መልሶ ሲስበው ብቅ ያለበትንም ያዘ። የሚመዘገበው የሁለቱ አማካይ ነው፤ ቁጥሩ በጨመረ ቁጥር ውሃው ጠርቷል ማለት ነው። አለቀ።

በ1950ዎቹ በዙሪያው ያሉ ከተሞች ፍሳሻቸውን ወደዚህ ሐይቅ ይለቁ ነበር። ፍሳሹ ይዞት የሚመጣው ፎስፈረስ አልጌውን፣ ማለትም ውሃ ውስጥ የሚበቅለውን ዕፅዋት መሰል ደቃቅ ፍጥረት፣ አፋፋው፤ ውሃው ደፈረሰ። ከ1963 እስከ 1968 ፍሳሹ ከሐይቁ እንዲዞር ተደረገ። በ1963 ዲስኩ አንድ ሜትር ገደማ ላይ ይጠፋ ነበር። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ሦስት ሜትር ገደማ ደረሰ።

ብዙ ቦታ ቢሆን እዚህ ላይ ይጨበጨብና ፋይሉ ይዘጋ ነበር። የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲው ቶማስ ኤድመንድሰን ግን መለካቱን አልተወም። በ1976 ውሃው ሳይታሰብ ጭራሽ ጠራ። ዳፍኒያ የምትባል፣ አልጌ የምትበላ ደቃቅ ፍጥረት በዝታ ነው። በየጊዜው ውሃውን እየቀዳ የሚያይ ባይኖር ኖሮ ምስጋናው ሁሉ ፍሳሹን ላዞረው ቱቦ ይሆን ነበር።

ከሰዓት ባላርድ ወደሚባለው የጀልባ መተላለፊያ ሄድን። ሳልሞኖች ከባሕር ወደ ሐይቁ የሚወጡበት ባለ እርከን የውሃ መንገድ አለው፤ በመስታወት በኩል ይታያሉ። ሶክአይ የሚባለው የሳልሞን ዝርያ እዚህ ሲያልፍ ይቆጠራል፤ ቁጥሩም አሽቆልቁሏል። ሐይቁ ላይ ሶክአይ ለመዝናኛ ማጥመድ ለመጨረሻ ጊዜ የተፈቀደው በ2006 ነው።

«ታዲያ ሐይቁ ድኗል ወይስ አልዳነም?» አልኩት።

«ማንን ነው የምትጠይቀው? አልጌውን ወይስ ሳልሞኑን?»

ፍሳሹ ከሄደ ቆይቷል። ዛሬ ሳልሞኑን የሚፈትነው ሙቀት ሲያይል የሚግለው የመተላለፊያ ቦይ፣ በሽታና አዳኝ ዓሦች ናቸው። ዲስኩ እነዚህን አያያቸውም። ለእነሱ ቴርሞሜትርና ዓሣ የሚቆጥር ሰው ያስፈልጋል።