የጠቆረ ሙዝ እንዳትጥሉ

ሰላም እንዴት ናችሁ፣ ዛሬ ጠዋት ኪችን ስገባ ልጣጫቸው ጥቁር ያለ ሦስት ሙዞች አየሁና ደስ አለኝ፣ ቤት ውስጥ ለስልሰዋል ብሎ ማንም አይነካቸውም እኔ ግን ለሙዝ ዳቦ ብዬ ሳምንቱን ሙሉ ስጠብቃቸው ነበር። ሙዝ ሲበስል ውስጡ ያለው ስታርች ወደ ስኳር ይቀየራል፣ ሽታውም ይጠነክራል። ገና ቢጫ በሆነ ሙዝ የተጋገረ ዳቦ ግን ሙዝ መሆኑ እንኳን አይታወቅም፣ ስለዚህ ቢያንስ ነጠብጣብ እስኪያወጣ ታገሱት።

የሙዝ ዳቦ እርሾ የለውም፣ ማቡካት የለም፣ ኩፍ እስኪል መጠበቅ የለም። የሚያነሳው ቤኪንግ ሶዳ ነው፣ ሶዳ ደግሞ ለብቻው አይበቃም አሲድ ይፈልጋል፣ ሙዙ ራሱ ትንሽ አለው እኔ ግን ሁለት የሾርባ ማንኪያ እርጎ እጨምርበታለሁ። ሶዳው እርጥብ ሲነካው ወዲያው ስራ ስለሚጀምር ኦቨኑን ቀድማችሁ በ175 ዲግሪ አሙቁት፣ ሊጡን አዘጋጅቶ ማስቀመጥ አይሆንም።

ሦስቱን ሙዝ በሹካ ደፍጥጡ፣ 2 እንቁላል፣ 120 ሚሊ ሊትር ዘይት፣ 150 ግራም ስኳርና እርጎውን ጨምራችሁ አዋህዱት። በሌላ ሳህን 250 ግራም ዱቄት (ሁለት ኩባያ ገደማ ነው)፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ሶዳ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨውና ትንሽ ቀረፋ። ሶዳውን በደንብ ንፉት፣ ድብልብል ካለ ያቺ ቦታ ላይ ሳሙና ሳሙና ይላል።

አሁን ዋናው ነገር። እኔ መጀመሪያ አካባቢ ይሄን እንደ ኬክ እያሰብኩ ልስልስ እስኪል በሚክሰር እመታው ነበር፣ ከዛ ዳቦው ሲወጣ ላስቲክ የመሰለ፣ ስቆርጠው ውስጡ ረጃጅም ቀዳዳ ያለው፣ ሙዙ ነው ዱቄቱ ነው እያልኩ ስንት ጊዜ ቀያየርኩ፣ ለካ ችግሩ ማማሰሉ ነው። ዱቄት ከእርጥብ ጋር ብዙ በታሸ ቁጥር ግሉተኑ (ሊጡን የሚያጣብቀው የዱቄቱ ፕሮቲን) እየጠነከረ ይሄዳል፣ ለተቦካ ዳቦ ይሄ ጥሩ ነው ለዚህኛው ግን አይሆንም። ደረቁን እርጥቡ ላይ ገልብጡና በማንኪያ ከታች ወደ ላይ አስር አስራ አምስት ጊዜ ብቻ ገልበጥ ገልበጥ አድርጉት፣ የዱቄት መስመር ትንሽ ቢታይም፣ ቢጓጉልም ተዉት፣ እጃችሁን ሰብስቡ። እኔ ከዚህ በኋላ ነው ለስላሳ ዳቦ ያየሁት።

ዘቢብ ወይ እንጆሪ የምትጨምሩ ከሆነ መጀመሪያ ትንሽ ዱቄት አልብሱት፣ ወደ ታች እንዳይሰምጥ ያግዛል። በሙዙ ፋንታ ፖም ፈቅፍቆ መስራትም ይቻላል፣ ውሃው ከበዛ ግን ጨመቅ አድርጉት።

ቅቤ በተቀባ ረዘም ያለ የዳቦ ቅርጽ ውስጥ ከ55 እስከ 60 ደቂቃ ይፈልጋል፣ ኦቨን ከኦቨን ስለሚለያይ ከ50 ደቂቃ በኋላ መሃሉን በስቴኪኒ ውጉት፣ ሊጥ ይዞ ከወጣ ይቆይ፣ ፍርፋሪ ብቻ ከሆነ ደርሷል። ላዩ ቶሎ ከጠቆረ ፎይል ጣል አድርጉበት። መሃሉ ላይ ቢሰነጠቅ አትደንግጡ፣ ላዩ ቀድሞ ስለሚደርቅና ውስጡ ገና እየተነሳ ስለሆነ ነው፣ እንዲያውም እኔ የምወደው ያንን ስንጥቁን ነው።

ሲወጣ 10 ደቂቃ ቅርጹ ውስጥ አሳርፉትና አውጡት፣ እዛው ከቆየ በእንፋሎቱ ታቹ ይረጥባል። በትኩሱ አትቁረጡት በጣም ይፈረፈራል፣ ደግሞ ተጠቅልሎ ያደረ የሙዝ ዳቦ ከተጋገረበት ቀን የበለጠ ይጣፍጣል፣ እርጥበቱ እኩል ይዳረሳል ሽታውም ይገባበታል።

ሙዙ ጠቁሮ ለመጋገር ጊዜ ካጣችሁ ደግሞ ልጣችሁ ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጡት፣ በረዶው ሲለቅ ውሃ ያወጣል፣ ያንን ውሃ አትድፉት፣ ጣዕሙ እዛ ውስጥም ስላለ አብሮ ይግባ።