ረግረግ ባዶ መሬት አይደለም
ዛሬ አንድ ረግረግ ዳር ዋልኩ። በላይ በኩል የሚገባው ውሃ ጭቃ ነው፤ ቄጠማውን አልፎ በታች ሲወጣ ግን ጠጠሩ ወለል ብሎ ይታያል። ያለ ፓምፕ፣ ያለ ኬሚካል! ሸምበቆና ቄጠማው የውሃውን ፍጥነት ስለሚገታው ደለሉ እዚያው ይቀራል፤ ጭቃው ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ደግሞ ከእርሻ ታጥቦ የመጣውን ናይትሬት (ማዳበሪያ ውስጥ ያለ የናይትሮጂን ውህድ) ወደ ናይትሮጂን ጋዝ ይቀይሩታል። ጎርፍ ሲመጣም ረግረጉ ይይዘውና ቀስ አድርጎ ይለቀዋል። በሞቃታማ የባሕር ጠረፎች ደግሞ ማንግሮቭ የሚባል በጨዋማ ውሃ ውስጥ የሚበቅል ዛፍ አለ፤ የማዕበሉን ጉልበት ይቀንሳል፣ የዓሣ ጫጩቶች በሥሮቹ መሃል ተሸሽገው ያድጋሉ። ረግረጋማ ቦታዎችን ለመጠበቅ ዓለም አቀፉ የራምሳር ስምምነት የተፈረመው እ.ኤ.አ. በ1971 ነው፤ ማድረቁ ግን እስከ ዛሬ አልቆመም። እኔን የሚያንገበግበኝ «ባዶ መሬት ነው፣ ይደፈን» የሚባለው ነገር ነው። ከተደፈነ በኋላ ያንኑ ሥራ በማጣሪያ ጣቢያና በጎርፍ መከላከያ ግንብ ለመተካት ስንት ገንዘብ እንደሚፈስ አስቀድሞ የሚጠይቅ የለም።