ደሴን በሳይክል፦ ዳገቱን በጠዋት ከጨረስክ ቀኑ ያንተ ነው

ደሴ ለሳይክል አትሆንም የሚል ሰው ብዙ ነው፣ ዳገት ናት፣ ባጃጁ አያስነዳም ምናምን ይሉሃል። እኔ ግን የደሴን ሰፈሮች ለማየት ከሳይክል የተሻለ የለም ባይ ነኝ። በእግር ካልከው ግማሹ ላይ ይደክምሃል፣ በባጃጅ ደግሞ ሁሉም ነገር ሽው ብሎ ያልፋል፣ በሳይክል ግን ደስ ያለህ ቦታ ላይ እግርህን መሬት ታስነካና ትቆማለህ፣ በቃ።

ሳይክሉን ያገኘሁት ኮምቦልቻ ካለው የአክስቴ ልጅ ነው። ቅዳሜ ማታ ሚኒባስ ጣራ ላይ አስጭኜ ወደ ደሴ በሚያወጣው የሐረጎ ዳገት አወጣሁት። ሐረጎን ራሱን እየነዱ መውጣት ሌላ ነገር ነው፣ ኮምቦልቻ ከ1,900 ሜትር በታች ናት፣ ደሴ ደግሞ ወደ 2,500 ትጠጋለች፣ ያን ሁሉ ከፍታ በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ መውጣት ለሚሮጥ ስፖርተኛ እንጂ ለመንሸራሸር አይሆንም። ማታውኑ የፍሬኑን ላስቲክ አየሁ፣ ኮርቻውን አስተካከልኩ (ተረከዝህ ታች ያለው ፔዳል ላይ ሲሆን እግርህ ቀጥ ማለት አለበት፣ ኮርቻው ዝቅ ካለ ጉልበት ይጎዳል)፣ ጎማውንም ትንሽ አስተነፈስኩት፣ ምክንያቱም የውስጥ ለውስጥ መንገዱ ኮብልስቶን ነው፣ ጥርቅም ብሎ የተነፋ ጎማ ደግሞ ኮብልስቶን ላይ እጅህንም ወገብህንም ያንቀጠቅጥሃል።

እሁድ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ከፒያሳ ተነሳሁ። እሁድ ጠዋት ባጃጁ ገና አልወጣም፣ ነጠላ የለበሱ እናቶች ከቤተክርስቲያን ሲመለሱ፣ ሱቅ የሚከፍት ሰው ሲጠርግ፣ ብርዱ ጆሮ ይቆነጥጣል፣ ጃኬት ግድ ነው። መጀመሪያ ያረግኩት ዳገቱን መጨረስ ነው፣ ማለትም ወደ አይጠየፍ አዳራሽ የሚያወጣውን። ዳገት ሳይጀምር ማርሹን ማቅለል ነው ያለብህ፣ መሃል ላይ ሲከብድህ ልቀይር ካልክ ካቴናው ይወልቃል። በጣም ቀጥ ያለው ጋ ስደርስ ወርጄ ገፋሁት፣ ደሴ ላይ ሳይክል መግፋት የጉዞው አካል ነው፣ እንደውም ሰው ሰላም የሚልህ ስትገፋ ነው። አንድ አባት ከበራቸው ላይ ቆመው "አብሽር ልጄ፣ ቀርቦሃል" አሉኝ፣ እውነት ለመናገር ጉልበት ሰጠኝ።

አይጠየፍ ላይ ብዙ ቆየሁ። ንጉሥ ሚካኤል ግብር የሚያበሉበት አዳራሽ ነው፣ እሳቸው በ1906 እዚሁ ደሴ ላይ ነገሡ፣ በ1909 ደግሞ ሰገሌ ላይ ተሸንፈው ተማረኩ፣ በዚህች አጭር ጊዜ ውስጥ ግን ይቺ ከተማ የአገሪቱ ጉዳይ የሚወሰንባት ሆና ነበር፣ አገሪቱን ይመሩ የነበሩት ልጃቸው ልጅ ኢያሱ ናቸውና። ይሄን ሁሉ ትምህርት ቤት ተምረነዋል፣ ቦታው ላይ ቆመህ ስታስበው ግን ይለያል። ከላይ ሆነህ ስታይ ከተማዋ በጦሳ ተራራና በአዝዋ ገደል መሃል ተዘርግታለች፣ ፀሐይዋ በአዝዋ በኩል ስትወጣ መጀመሪያ የምትመታው ጦሳን ነው፣ ታች ያለው ሰፈር ገና ጥላ ውስጥ ነው። ለዚህ ብቻ እንኳን በጠዋት መውጣት ያዋጣል።

ቁልቁለቱን ስትወርድ ፍሬን ይዘህ አትቆይ፣ ሁለቱንም በአንድ ላይ ያዝ ለቀቅ ያዝ ለቀቅ ነው፣ የፊቱን ብቻ ጭምቅ ካረግክ ኮብልስቶን ላይ ይጥልሃል። እንደዛ እያልኩ ወደ አራዳና ሙጋድ ወረድኩ፣ የቆዩ ቤቶች፣ ጠባብ ቅያስ፣ ከየቤቱ የሚወጣ የእጣን ጭስ። እዚህ ጋ ፍጥነት የሚባል ነገር አያስፈልግም። አንዲት እናት ጀበና አቅርበው ከልጆቻቸው ጋር ደጅ ላይ ተቀምጠው ነበር፣ መንገድ ስጠይቃቸው "መንገዱ የትም አይሄድ፣ ና ቡና ጠጣ" አሉኝ። እሳቸው ሙስሊም ናቸው፣ ቡና ሊጠጡ የመጡት ጎረቤታቸው ደግሞ ከቅዳሴ መመለሳቸው ነው፣ ወሎ ላይ ይሄ ብርቅ አይደለም፣ እኔን ግን ሁልጊዜ ልቤን ይነካኛል። በጤና አዳም አቦሉን ጠጥቼ ልነሳ ስል በረካ ሳትጠጣ የት ተብዬ እስከ 5 ሰዓት ቆየሁ። ፕሮግራም ይዛችሁ ከወጣችሁ ለእንዲህ አይነቱ ነገር ቦታ ተዉለት።

በቡናው መሃል እኚሁ እናት አያታቸው ይነግሯቸው የነበረውን አወሩኝ፣ ኅዳር 26 ቀን 1928 የጣልያን አውሮፕላን ደሴን ሲደበድብ ማለት ነው፣ ጃንሆይም ያኔ እዚሁ ነበሩ። ከዛ ወሬ በኋላ በቅያሱ ስነዳ ቤቶቹን የማይበት አይን ተቀየረ።

ከሰዓት ሙዚየሙ ጋ ሄድኩ፣ የደጃዝማች ዮሴፍ ብሩ መኖሪያ የነበረው ቤት ነው። በ2014 በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ ብዙ ነገር ተዘርፎበታል፣ ያንን እያወቁ መግባት ያማል፣ ግን ሂዱ፣ ሰው ሲሄድለት ነው ቅርስ የሚጠበቀው። የሚከፈትበትን ቀን ቀድሞ መጠየቅ ጥሩ ነው።

9 ሰዓት አካባቢ አቆምኩ፣ ከዛ በኋላ ዋናው መንገድ በባጃጅ ይሞላል። ክረምት ላይ አልመክርም፣ እርጥብ ኮብልስቶን ያንሸራትታል፣ ከመስከረም በኋላ ነው የሚያምረው። ቀጥሎ ወደ ሐይቅ መሄድ አስቤያለሁ፣ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ሲሄዱ ቁልቁለት ይበዛል፣ ስለዚህ መመለሻውን ሳይክሉን መኪና ላይ መጫን ነው። ደሴ ውስጥ ማርሽ ያለው ሳይክል የሚያከራይ የምታውቁ ካላችሁ ጠቁሙኝ፣ የአክስቴን ልጅ ሁልጊዜ ማስቸገር አልፈልግም።