ከተማው ስንት ቤት ይፈልጋል? ሒሳቡ የሚዛባው የት ላይ ነው?

የ1999 ዓ.ም. የሕዝብና ቤት ቆጠራ አዲስ አበባ ውስጥ 662,728 ቤተሰብና 628,984 መኖሪያ ቤት መዝግቧል። ልዩነቱ 33,744 ነው። ይህን የቤት እጥረቱ ልክ አድርጎ መውሰድ ግን ያሳስታል። ቆጠራው እንደ ቤተሰብ የሚይዘው የራሱን ኑሮ ለብቻው የሚያስተዳድረውን ነው። አግብቶ ከወላጆቹ ጋር የቀረው ልጅና በደባልነት የሚኖረው ሠራተኛ ብዙ ጊዜ በሌላ ቤተሰብ ውስጥ ገብተው ይቆጠራሉ። ስለዚህ ቤት በጠፋ ቁጥር አዲስ ቤተሰብ አይመሠረትም፤ ወረቀት ላይ ያለው እጥረት ደግሞ ትንሽ መስሎ ይታያል። ከዚያ ወዲህ አገር አቀፍ ቆጠራ ባለመካሄዱ ዛሬም መነሻችን ይኸው ነው።

እስቲ 200,000 ሕዝብ ያላት አንዲት ከተማ እንውሰድ። በአንድ ቤተሰብ በአማካይ 4 ሰው ካለ 50,000 ቤተሰብ አላት ማለት ነው። ሕዝቧ በዓመት 5 በመቶ ቢያድግ 210,000 ይሆናል። የቤተሰቡ ልክ ባለበት ከቆየ 2,500 አዲስ ቤተሰብ ይመጣል። አማካዩ ከ4 ወደ 3.9 ዝቅ ካለ ግን 3,846 ይደርሳል። ከግማሽ በላይ ጭማሪ ያመጣችው ያቺ አንድ አሥረኛ ናት፤ ብዙ የከተማ ዕቅድ የሚስታትም እሷን ነው። በዚህ ላይ የሚፈርሱና የሚያረጁ ቤቶች ምትክ ይጨመራል፤ ከ50,000ው ቤት 1 በመቶው ቢሆን እንኳ 500 ነው። ተከራይ ቤት ሲቀይር የሚገባበት ጥቂት ባዶ ቤትም ያስፈልጋል።

አማካዩን በደፈናው ከመያዝ በዕድሜ ከፍሎ መሥራት ይሻላል፦ ከ25 እስከ 29 ዓመት ካሉት ስንቱ የራሳቸውን ቤት ይመራሉ? ከ30 እስከ 34 ካሉትስ? ወጣት የሚበዛባት ከተማ ላይ ውጤቱ ፈጽሞ ሌላ ነው።

አቅርቦቱን መቁጠር ይበልጥ ያስቸግራል። የግንባታ ፈቃድ ቤት አይደለም። የተጠናቀቀ ኮንዶሚኒየምም ትራንስፎርመር፣ ውኃና ፍሳሽ እስኪገባለት ድረስ ሰው በወጉ አይኖርበትም። ከተጠናቀቀው ላይ ለመንገድና ለኮሪደር ልማት የፈረሰው፣ ወደ ሱቅና እንግዳ ማረፊያ የተቀየረውም ይቀነሳል።

በሌላ በኩል መዝገብ ላይ የማይታይ አቅርቦት አለ፦ ሰርቪስ ቤት። 150 ካሬ ግቢ ውስጥ ዋናው ቤት ፊት ለፊት ይቆማል፤ ከኋላ በአጥሩ ጥግ በብሎኬት ወይም በጭቃ የተሠሩ፣ ቆርቆሮ የለበሱ፣ 3 በ3 የሆኑ ሦስት አራት ክፍሎች ይደረደራሉ። ካርታው አንድ ነው፣ መጸዳጃው አንድ ነው፣ ቆጣሪውም አንድ፤ የሚኖሩት ግን አራት አምስት ቤተሰብ ናቸው። ስለዚህ የመብራት ደንበኞችን ቁጥር ይዞ ቤተሰብ ለመገመት የሚሞክር ሰው ከወዲሁ ይሳሳታል። (ተከራዮቹም በዚሁ ይጎዳሉ፤ የሁሉም ፍጆታ በአንድ ቆጣሪ ሲደመር ከፍ ወዳለው የታሪፍ እርከን ይገባል።) በእኔ ግምት ዝቅተኛ ገቢ ላለው ተከራይ ትልቁ አቅራቢ መንግሥትም ሪል እስቴትም ሳይሆን ይህ የአጥር ጥግ ነው።

ወሰንም አለ። ሥራው አዲስ አበባ፣ አዳሩ ለገጣፎ፣ ቡራዩ ወይም ሰበታ የሆነ ሰው ብዙ ነው። እነዚህ ቦታዎች በሸገር ከተማ ሥር በመሆናቸው፣ የአንዱን ከተማ መዝገብ ብቻ የሚያይ ሰው ፍላጎቱን በአንድ በኩል፣ ቤቱን በሌላ በኩል ያጣዋል። ሒሳቡ መሠራት ያለበት ታክሲና አውቶቡስ ጠዋት ሰው በሚያመላልሱበት ስፋት ነው።

ሐዋሳ ደግሞ ሌላ መልክ አላት። ከኢንዱስትሪ ፓርኩ ወዲህ ብዙ ወጣት ሴቶች ከገጠር መጥተው ሦስትም አራትም ሆነው አንድ ክፍል ይከራያሉ። እዚያ ለአባወራ የታሰበ ባለሁለት መኝታ መሥራት ገበያውን አያገኘውም። ከደመወዛቸው ላይ ሊከፍሉት የሚችሉት ለአንዲት ክፍል የሚዋጣ ድርሻ ነው፤ ደመወዙ ትንሽ ከፍ ቢል ግን ከአራቱ ሁለቱ ሌላ ክፍል ፍለጋ ይወጣሉ፤ የከተማው ሕዝብ በአንድ ሰው ሳይጨምር የቤት ፈላጊው ቁጥር ያድጋል።