ሂሳብ ሹም ነበርኩ

ባሕር ዳር ፔዳ ግቢ አካውንቲንግ ስማር፣ የመጨረሻው ዓመት ላይ ጂሲ ኮሚቴ ገባሁ። መጽሔቱን፣ ቲሸርቱን፣ ፎቶውንና ግብዣውን የሚያሰናዳው የተመራቂዎች ኮሚቴ ነው። ሰብሳቢ ለመሆን የሚፈልግ ሞልቷል። እኔን ሂሳብ ሹም አደረጉኝ። ሰው መምራትን የተማርኩት እዚያ ወንበር ላይ ነው።

መጀመሪያ የጠየቅኩት ገንዘብ የሚይዘውና የሚመዘግበው ሰው እንዲለያዩ ነው። ክፍል ውስጥ ኢንተርናል ኮንትሮል ብለን ተምረነዋል፤ የእናቴ እድር ግን ከድሮም ገንዘብ ያዡና ሂሳብ ሹሙ ለየብቻ ናቸው። የባንክ ሂሳቡን በጣምራ ፊርማ ከፈትን። ማን እንደከፈለና ምን ወጪ እንደሆነ በየሳምንቱ አርብ ቴሌግራም ግሩፓችን ላይ እለጥፍ ነበር። ሐሜቱ በአንድ ጊዜ ቀነሰ።

ከባዱ ደረሰኝ ነበር። ቲሸርት አታሚው «ደረሰኝ ከፈለጋችሁ 15 በመቶ ቫት ጨምሩ» ይላል። ኮሚቴው ተጨቃጨቀ። እኔ ይወደድ፣ ግን ደረሰኝ ይኑረው አልኩ። ዛሬም ቢሆን ያንኑ ነው የምለው፤ የወጣው የጓደኞቻችን ገንዘብ ነበር።

አንድ ቀን ሰብሳቢያችን ለመጽሔቱ ሥራ ሁለተኛ ቅድሚያ ክፍያ ጠየቀ። የመጀመሪያው ገና አልተወራረደም። አብሮኝ የሚበላ፣ አብሮኝ የሚያጠና ልጅ ነው። «ያኛውን አወራርድና ውሰድ» አልኩት። አኮረፈኝ። በኋላ ደረሰኞቹን በፌስታል ይዞ መጣ፣ ቁጭ ብለን አንድ በአንድ ደመርን፤ ልክ ነበር። ሰውየውን አልጠረጠርኩትም። ግን ለእሱ ካለፍኩ ለሌላው ምን እላለሁ?

ተመርቄ አዲስ አበባ አንድ የኦዲት ድርጅት ገባሁ። ጀማሪ ኦዲተር ፋይል ያገላብጣል፣ የባንክ መግለጫን ከመዝገብ ጋር ያስታርቃል፣ ፎቶ ኮፒ ያነሳል። የሰኔ 30 ቆጠራ ግን ሌላ ነው። የበጀት ዓመቱ የሚዘጋበት ቀን ስለሆነ መጋዘን ውስጥ ነው የምንውለው። በሁለተኛው ዓመቴ ሁለት አዲስ ልጆች ሰጡኝና ቃሊቲ አንድ የሴራሚክ መጋዘን ላኩን።

መጀመሪያ የመጨረሻውን የዕቃ መግቢያና መውጫ ሰነድ ቁጥር መዘገብን፤ ከዚያ በኋላ የሚገባም የሚወጣም ከዘንድሮው ሂሳብ እንዳይቀላቀል። ከዚያ አንደኛዋን ከወረቀቱ ወደ ዕቃው፣ ሌላኛውን ከዕቃው ወደ ወረቀቱ እንዲቆጥሩ መደብኳቸው። የተቆጠረው ላይ ጠመኔ ይደረጋል። ከሰዓት በኋላ አንዱ የወለል ሴራሚክ ከቢን ካርዱ፣ የዕቃው ገቢና ወጪ ከሚጻፍበት ካርድ፣ 12 ካርቶን ጎደለ። ልጁ ወዲያው ለአለቃችን ሊደውል ስልኩን አወጣ።

«ቆይ፣ መጀመሪያ ለጋሼ እንንገራቸው» አልኩት።

ስቶር ኪፐሩ በዕድሜ አባቴ ይሆናሉ። ቀኑን ሙሉ ከእኛ ጋር ቆመዋል። ካርዱን አሳየኋቸው። ዝም ብለው መነጽራቸውን አደረጉና የመውጫ ሰነዱን ጥራዝ ወደ ኋላ ገለጡ። ሰነዱ ተገኘ፤ 12 ካርቶን ወጥቷል፣ የተረከበውም ፈርሟል፣ ካርዱ ላይ ግን አልተቀነሰም።

ጉድለት የሚባል ነገር አልነበረም። የካርዱ አያያዝ ግን ማኔጅመንት ሌተሩ ላይ፣ ያየነውን ድክመት ለድርጅቱ ኃላፊዎች በምንጽፍበት ደብዳቤ ላይ፣ መግባቱ አይቀርም። ይህንንም ከመጋዘኑ ሳንወጣ ነገርኳቸው። «ጻፊው ልጄ፣ ካርዱን የሚሞላ ረዳት ስጡኝ ካልኩ ቆይቻለሁ» አሉኝ። እሱንም ጨምሬ ጻፍኩት።